«አትንካው፤ ስህተቱን ጻፈው»

ሎንዶን ውስጥ ጥንታዊ መጻሕፍት ወደሚነበቡበት አዳራሽ ስገባ እስክሪብቶዬን ከካፖርቴ ጋር ውጭ አስቀምጣለሁ። ወደ ውስጥ የሚያልፈው እርሳስ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ግራጫ ስፖንጅ ላይ አስተኛችው፤ ገጹ እንዳይመለስ የሚጫነውን በጨርቅ የተሰፋ ከባድ ገመድም አጠገቡ አኖረችልኝ። መጽሐፉ ቀጭን ነው። ሽፋኑን ገለጥ ሳደርገው የደረቀ ሣር የሚመስል ሽታ ሸተተኝ።

የታተመው በ1767 ነው። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ርእሱ በአማርኛ ቢመለስ «የሚስተር ሃሪሰን የጊዜ ጠባቂ መርሆች» ማለት ነው። ከጽሑፉ ኋላ በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ይከተላሉ፤ ጎማው፣ ጥርሱ፣ ሞላው፣ ብሎኑ ሁሉ ለየብቻ ተነቅሎ በነጭ ወረቀት ላይ ተዘርግቷል። ዓይኔ የቀረው ሚዛን ጎማው ላይ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት በየማለዳው ፊት ለፊቴ ይወዛወዝ የነበረው የዚህ ጎማ የልጅ ልጅ ነበርና።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በንግድ መርከብ ላይ ሁለተኛ መኮንን ነበርኩ። የጉዞው ካርታና ሰዓቱ የሁለተኛ መኮንን ኃላፊነት ነው። ያን ጊዜ የስዊዝ ቦይ በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ ከ1967 እስከ 1975 አልተከፈተም። ስለዚህ ከምጽዋና ከአሰብ ተነሥተን አውሮፓ ለመድረስ አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ግድ ይለን ነበር። ለብዙ ቀናት ከሰማይና ከውኃ በቀር የሚታይ ነገር የለም። የት እንዳለን የምናውቀው ፀሐይንና ከዋክብትን በሴክስታንት ለክተን፣ የለካንበትን ሰከንድ በካርታ ክፍሉ ከሚቀመጠው ክሮኖሜትር ላይ አንብበን ነው።

ክሮኖሜትሩ ጎድጓዳ የነሐስ ዕቃ ውስጥ የተገጠመ ሰዓት ነው። በሁለት ቀለበቶች ተንጠልጥሎ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ስለሚቀመጥ መርከቡ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢያዘነብል እርሱ ፊቱን ወደ ላይ እንዳደረገ ይቀራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ክዳኑን እከፍታለሁ። ዕቃውን በግራ እጄ ቀስ ብዬ እገለብጠውና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መከለያ ገፋ አድርጌ ቁልፉን አስገባለሁ። ወደ ግራ ሰባት ዙር ተኩል፤ ድምፅ እያሰማሁ ነበር የምቆጥረው። ሞልቶ ሲያበቃ በእጄ እንደያዝኩት ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፤ ለቅቄው በራሱ አይገለበጥም። ከዚያም የሬዲዮውን የሰዓት ምልክት ጠብቄ፣ ክሮኖሜትሩ ስንት ሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ በመዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰዓቱ ስምንት ሰከንድ ዘግይቶ ካገኘሁት ለምን አላስተካክለውም? ዋና መኮንናችን ምጽዋ በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነበር። እጄ ወደ ሰዓቱ መስታወት ሲዘረጋ አይቶ «አትንካው፤ ስህተቱን ጻፈው» አለኝ። ቀጥሎም አስረዳኝ። በየቀኑ ሁለት ሰከንድ የሚዘገይ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ያችኑ ሁለት ሰከንድ የሚዘገይ ሰዓት ታማኝ ነው፤ በወር ስልሳ ሰከንድ እንደሚጎድለው አውቀህ ትደምርለታለህ። ዛሬ አምስት ቀድሞ ነገ ሦስት የሚዘገየው ግን መርከብ ያጠፋል። በነካኸው ቁጥር ደግሞ ጠባዩ ይለወጥብሃል።

አንድ ቀን ማዕበል ሲንጠን አድሮ ደክሞኝ ስለነበር ሳልሞላው ቀረሁ። ክሮኖሜትሩ ከሁለት ቀን በላይ የሚሄድ በመሆኑ አልቆመም፤ የሞላው ጉልበት ስለቀነሰ ግን አካሄዱ ጥቂት ተዛባ። ነገሩ የገባኝ በማግሥቱ ነው። ደንግጬ በመዝገቡ የትናንት ቦታ ላይ እንደ ሌላው ቀን ቁጥር ልሞላበት አሰብኩ። ከዚያ ኅሊናዬ እምቢ አለኝና ለጋሼ ነገርኩት። አልተቆጣም። መዝገቡን ገልጦ እርሳሱን ሰጠኝና «ረሳሁ ብለህ ጻፍ» አለኝ፤ «መርከብ የሚሰብረው የተጻፈ ስህተት አይደለም፤ የተደበቀ ስህተት ነው።»

ይህን ቃል ይዤ ነው ዛሬ በጡረታ ዘመኔ የባሕር ሰዓትን ታሪክ የሚናገሩ አሮጌ መጻሕፍትን የማሳድደው። ባገላበጥኩ ቁጥር ጋሼ ያለኝን አገኝበታለሁ።

የባሕር ሰዓት ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ ሩቅ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲደውልልን ከሰላምታው ቀጥሎ «እናንተ ጋ አሁን ስንት ሰዓት ነው?» እንላለን። መርከበኛው ለዘመናት ሊመልሰው ያልቻለው ጥያቄም ይኸው ነበር። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ማለት ነው። ምጽዋ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በእንግሊዟ ግሪንዊች ላይ እኩለ ቀን ሊሆን ገና 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ይቀረዋል፤ ምጽዋ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ከ39 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ብላ መገኘቷን የሚነግረን ይህ ልዩነት ነው። ኬክሮስን ከፀሐይና ከሰሜን ኮከብ ከፍታ ማግኘት ይቻላል። ለኬንትሮስ ግን የሌላውን አገር ሰዓት ይዞ መጓዝ ያስፈልጋል። በምድር ወገብ ላይ የአራት ሰከንድ ስህተት አንድ የባሕር ማይል፣ የአንድ ደቂቃ ስህተት ደግሞ 15 ማይል ያስታል።

ሐሳቡ ቀድሞ በመጽሐፍ ተጽፏል። ጌማ ፍሪሲየስ የተባለ የሉቨን ሊቅ በ1530 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንገደኛ የተነሣበትን አገር ጊዜ የሚጠብቅ ሰዓት ቢይዝ ኬንትሮሱን ማወቅ እንደሚችል ገልጾ ነበር። የጎደለው ሰዓቱ ነው። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 የፔንዱለም ሰዓት ፈለሰፈ፤ ለባሕር የታሰቡትንም ሠርቶ አስሞከረ፤ በ1673 ፓሪስ ላይ ያሳተመው ስለ ፔንዱለም ሰዓት የሚናገር መጽሐፍም የዘመኑ ድንቅ ሥራ ሆነ። ግን ባሕር ላይ ፔንዱለም ወዴት ይወዛወዛል? መርከቡ ራሱ እየተወዛወዘ ነው። ሙቀቱ ብረቱን ያስረዝማል፣ ብርዱ ያሳጥራል፣ ዘይቱ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል።

ዋጋው የሰው ሕይወት ነበር። ኦክቶበር 22 ቀን 1707 ሌሊት በአድሚራል ክላውድስሊ ሾቬል የሚመራ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጓድ ከሜዲትራኒያን ሲመለስ ሲሊ ከተባሉት ደሴቶች ዐለቶች ጋር ተላተመ። አራት መርከቦች ሰጠሙ፤ የሞቱት ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ሰባት ዓመት ቆይቶ በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ አወጣ፦ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለሚያገኝ ሰው 20,000 ፓውንድ።

ያገኘው ሰው አናጺ ነበር። ጆን ሃሪሰን በ1693 ዮርክሸር ውስጥ ተወልዶ ከአባቱ አናጺነት ተማረ፤ የመጀመሪያ ሰዓቶቹን የሠራው ከእንጨት ነው። በ1735 ለባሕር ብሎ የሠራው የመጀመሪያ ሰዓት 34 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በ1736 ይዞት ሊዝበን ደርሶ ተመለሰ። በመልሱ ጉዞ የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ሲታይ የመርከቡ መኮንኖች ያዩትን መሬት ስታርት የተባለው የምድር ጫፍ ነው አሉ። ሃሪሰን ሰዓቱን አይቶ የለም፣ ሊዛርድ የተባለው ጫፍ ነው አለ። ትክክል የነበረው እርሱ ነው፤ የመኮንኖቹ ስሌት 60 ማይል ያህል ስቶ ነበር።

ሃሪሰን ግን በሥራው አልረካም። ሁለተኛውን ሠራ። ሦስተኛው 19 ዓመት ፈጀበት፤ የነሐስና የብረት ቅጠል አጣብቆ ሙቀትን የሚያካክስ ዘዴ የፈለሰፈው ለዚህኛው ነው። በመጨረሻም በ1759 የኪስ ሰዓት የሚመስል፣ 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አራተኛው ተጠናቀቀ። በኖቬምበር 1761 ልጁ ዊሊያም ይዞት ወደ ጃማይካ ተጓዘ። ከ81 ቀን በኋላ፣ የታወቀው የቀን ዝግየታው ተቆጥሮለት፣ ስህተቱ 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሽልማቱን የሚዳኘው የኬንትሮስ ቦርድ አላመነም፤ ዕድል ይሆናል ተባለ። በ1764 ባርባዶስ ድረስ በድጋሚ ተፈተነ። ከ47 ቀን ጉዞ በኋላ ስህተቱ 39 ሰከንድ፣ ይኸውም በርቀት ከ10 ማይል የማይበልጥ ሆነ። ሕጉ ከጠየቀው በሦስት እጥፍ የተሻለ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ መጽሐፍ የገባው። በ1765 አዲስ ሕግ ወጣ፤ ሃሪሰን ግማሹን ሽልማት የሚያገኘው የሰዓቱን ምሥጢር በሙሉ ከገለጠ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሎንዶን በሚገኘው ቤቱ፣ በባለሙያዎች ፊት ሰዓቱን አንድ በአንድ ፈታው፤ እየፈታም አስረዳ። ቦርዱ ያንን ማብራሪያ በ1767 አሳተመው። ስፖንጅ ላይ ተኝቶ የነበረው ቀጭን መጽሐፍ ይህ ነው። መቅድሙን የጻፈው የንጉሡ የሥነ ከዋክብት ሊቅ ኔቪል ማስከላይን ነው።

ገጾቹን ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። የጎማውን ጥርስ ብዛት ይነግሩሃል፣ የክፍሉን ቅርጽ ያሳዩሃል። ብረቱ ስንት ጊዜ በእሳት እንደሚገባ፣ ሞላው በጣት ሲነካ ምን ያህል መመለስ እንዳለበት፣ እጅ የሚያውቀውን ግን አይነግሩህም። ላርከም ኬንዳል የተባለው ሰዓት ሠሪ የአራተኛውን ሰዓት ቅጂ ሲሠራ ተፈትቶ የተሰጠውን ሰዓት ራሱን ፊቱ አስቀምጦ ነው። ያ ቅጂ ከ1772 እስከ 1775 ከካፒቴን ጀምስ ኩክ ጋር ከአንታርክቲካ በረዶ ጠርዝ እስከ ትሮፒክ ሙቀት ዞረ። ሲነሣ በሰዓቱ ያልተማመነው ኩክ ሲመለስ ዋና ምስክሩ ሆነ።

በዚያው በ1767 ሌላ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ። ማስከላይን የሃሪሰንን ሰዓት ግሪንዊች አስቀምጦ ለወራት ከፈተነው በኋላ የጻፈው ዘገባ ነው። መደምደሚያው ከባድ ነበር፦ በስድስት ሳምንት የባሕር ጉዞ ኬንትሮስን በአንድ ዲግሪ ውስጥ እንኳ ለመጠበቅ ሰዓቱ አይታመንም። ሃሪሰንም ዝም አላለም፤ በዚያው ዓመት የቁጣ መልስ አሳተመ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ሁለት ሐቀኛ ሰዎች የሚጣሉ መሰለኝ። ማስከላይን ብዙዎች እንደሚስሉት ክፉ አልነበረም። ጨረቃ ከከዋክብት ያላትን ርቀት ለክቶ ኬንትሮስ የማግኘቱን ዘዴ ለተራው መርከበኛ ያደረሰው እርሱ ነው፤ ከ1767 ጀምሮ የሚወጣው የባሕር አልማናክ የእርሱ ድካም ነው። ሰዓቱ ውድ በነበረባቸው አሥርት ዓመታት ብዙ መርከቦችን አገር ያገባው ያ አልማናክ ነው። እኔም ከክሮኖሜትሩ አጠገብ በየዓመቱ እየታደሰ የሚመጣውን አልማናክ አስቀምጥ ነበር። የተጣሉት ሁለት ሰዎች ሥራ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ታርቆ ነበር ማለት ነው።

ፈረንሳዮቹም በበኩላቸው ይጽፉ ነበር። ፈርዲናንድ ቤርቱ በ1773 ፓሪስ ላይ ያሳተመው ስለ ባሕር ሰዓቶች የሚናገር ጥራዝ ትልቅ ነው፤ ሲያነሡት እጅ ያዝላል። ቤርቱ አሠራሩን እስከ ሙከራውና እስከ ጉድለቱ ድረስ ዘረዘረ። ተቀናቃኙ ፒየር ለ ሯ በ1766 ያቀረበው ሰዓት ደግሞ የኋለኛው ክሮኖሜትር የተከተላቸውን መሠረታዊ ሐሳቦች ይዞ ነበር። ቤርቱ የሃሪሰንን ምሥጢር ለማወቅ ሎንዶን ድረስ ተመላልሷል። ምሥጢር ተብሎ የተጠበቀው ነገር በመጨረሻ የሁሉም ሆነ፤ በ1831 ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ የተነሣችው ቢግል የተባለች መርከብ 22 ክሮኖሜትሮች ጭና ነበር።

ሃሪሰን ራሱ የጻፈውን መጽሐፍ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው። በ1775፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ጊዜን በትክክል ስለሚለካ መሣሪያ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። አንብቦ መጨረስ ፈተና ነው። ዓረፍተ ነገሩ ገጽ ሙሉ ይሄዳል፤ ሐሳቡ ሳይቋጭ ሌላ ሐሳብ ይገባበታል፤ መካከሉ ላይ ቁጣ ይነሣል። በዘመኑ የነበሩ ሃያሲያን የጃጀ ሽማግሌ ወሬ አድርገው ቆጠሩት። በውስጡ አንድ ከባድ አባባል ነበር፦ በእርሱ መንገድ የሚሠራ የፔንዱለም ሰዓት በ100 ቀን ውስጥ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይስትም። በዚያ ዘመን ይህን የሚያምን ማን ነበር?

የሃሪሰን ታላላቅ ማሽኖችም ዕጣቸው ከዚህ አልተሻለም። በ1920 ሩፐርት ጉልድ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ግሪንዊች ውስጥ ሲያገኛቸው ዝገትና ቆሻሻ በልቷቸው ነበር። ጉልድ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ አእምሮው ታውኮ ከባሕር የቀረ ሰው ነው። ያለ ክፍያ ላጽዳቸው ብሎ ጠየቀና ተፈቀደለት። ሥራው እስከ 1933 ወሰደ፤ ሦስተኛው ሰዓት ብቻ ሰባት ዓመት ያህል በላ። በመካከሉ፣ በ1923፣ «የባሕር ክሮኖሜትር፦ ታሪኩና ዕድገቱ» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። እኔ ያለኝ በ1960 በድጋሚ የታተመው ነው፤ ጀርባው ላልቶ በክር አሰፍቼዋለሁ። ይህን መጽሐፍ የምወድበት ምክንያት ጉልድ የነካውን ዕቃ የሚጽፍ ሰው ስለሆነ ነው። ብሎን ሲፈታ፣ ሲሳሳት፣ መልሶ ሲገጥም በየማስታወሻ ደብተሩ እየሳለ ያስቀምጥ ነበር። ግሪንዊች ሄዳችሁ ሦስቱ ታላላቅ ሰዓቶች ሲሄዱ ብታዩ፣ ያንን እንቅስቃሴ መልሶ የሰጣቸው እርሱ ነው። አራተኛው ግን ቆሞ ይታያል። ሌሎቹ ዘይት አይፈልጉም፣ እርሱ ይፈልጋል፤ ቢሄድ ይበላል፤ ስለዚህ እንዲያርፍ ተደርጓል።

ያ የተናቀው የ1775 መጽሐፍስ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማርቲን በርጀስ የተባለ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ የሃሪሰንን ቃል አምኖ ተነሣ። የተጠላለፈውን ዓረፍተ ነገር ከሌሎች አጥኚዎች ጋር እየፈታ ሰዓት ጀመረ፤ ሰዓቱን ሌሎች እጆች አጠናቀቁት። ግሪንዊች ላይ በማኅተም ታሽጎ 100 ቀን ተፈተነ። ውጤቱ በ2015 ሲገለጥ የሰዓቱ ስህተት ከአንድ ሰከንድ ስምንት እጅ አምስቱ ብቻ ነበር። አናጺው መጽሐፉን ካሳተመ ከ240 ዓመት በኋላ የተናገረው ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ።

ይህን በመጀመሪያ ስሰማ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚወረሰው አምሮ የተጻፈው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሃሪሰን መጻፍ አይችልበትም ነበር፤ ግን ጻፈ። ቃሉ ቢንገዳገድም፣ ንዴቱ ቢቀላቀልበትም፣ ያወቀውን ወረቀት ላይ ጥሎት ሄደ። ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ እውቀት ከእርሱ ጋር ይቀበር ነበር።

እኔ ያገለገልኩባት መርከብ ዛሬ የለችም። የክሮኖሜትሩ መዝገብ የት እንደገባ አላውቅም፤ «ረሳሁ» ብዬ የጻፍኩበት ገጽም አብሮ ሄዷል። ጋሼም አርፏል። ከአሰብ እስከ አውሮፓ ሦስት ጊዜ መንገዱን ሳይስት ሲመራን የኖረው ሰው አንድ ገጽ እንኳ አልጻፈም፤ እኛም ልጆቹ ጻፍልን አላልነውም። ሲናገር ብቻ ነበር የምናዳምጠው። ይህ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተማሪ ደብተር ገዛሁ። በየማለዳው በእጅ የሚሞላውን የእጅ ሰዓቴን እሞላለሁ። ከዚያ ሬዲዮ ከፍቼ ከ1924 ጀምሮ በየሰዓቱ መግቢያ የሚሰማውን የቢቢሲ ስድስት ድምፅ እጠብቃለሁ። የመጨረሻው ረዘም ያለው ድምፅ ሲጀምር መርፌዋ የት እንዳለች አያለሁ። ልዩነቱን እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን አልነካውም። ከሥሩም ጋሼ ያስተማረኝን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ አንድ ቀን ደመና ሳለ ፀሐይን እንዴት እንደምትይዝ፣ ሌላ ቀን ማዕበል ሲመጣ ሣጥኑን በምን እንደምታስር። ዛሬ የሰፈረው፦ አራት ሰከንድ ወደ ኋላ። በምድር ወገብ ላይ ብሆን ኖሮ አንድ ማይል እስት ነበር፤ ከጻፍኩት ግን አልስትም።